«ፊክስ» ማለት «ጠገነ» ብቻ ነው ወይ?



በዛሬው የእንግሊዝኛ ትምህርት ጽሑፋችን በየዕለቱ ስለምንሰማት አንዲት ትንሽ ቃል ጥቂት ለማለት እንወዳለን። ቃሏ «ፊክስ» ናት። ፊደሏ ሦስት ብቻ ነው፤ ኤፍ፣ አይ፣ ኤክስ። ብዙዎቻችን ትርጉሟን ብንጠየቅ ሳናመነታ «ጠገነ» እንላለን። መልሱ ልክ ነው፤ ግን ሙሉ አይደለም። ነገ ክፍል ገብተን ጥቁር ሰሌዳው ላይ «ፊክስ = ጠገነ» ብለን ጽፈን ብንሄድ ምን ይከተላል? ጉዳዩ ይኸ ነው።

እስቲ ነገሩን ገልብጠን በአማርኛ እንየው። አንድ የውጭ አገር ሰው አማርኛ ሲማር «ቆረጠ» ማለት በቢላዋ ወይም በመጥረቢያ ለሁለት ከፈለ ማለት ነው ተብሎ ተነገረው እንበል። ከዚያ ሰውዬው ወደ አውቶቡስ ተራ ሄደና «ቲኬት ቆረጥኩ» ሲባል ሰማ። ሽማግሌዎች ተቀምጠው «የሠርጉን ቀን ቆረጡ» ሲባል ሰማ። «ተስፋ ቆረጠ»፣ «ሆዴን ቆረጠኝ»፣ «ለመሄድ ቆርጧል» ሲባልም ሰማ። ቢላዋው የታለ? ግራ ቢገባው ይፈረድበታልን? ጥፋቱ የሰውዬው ሳይሆን አንድ ቃል በአንድ ቃል ለውጦ ያስተማረው ሰው ነው። እኛም በ«ፊክስ» ላይ የምንሠራው ይህንኑ እንዳይሆን ማሰብ ይገባናል።

ሀ. የቃሉ ሥር

«ፊክስ» ወደ እንግሊዝኛ የገባው ከላቲን ነው። በላቲን «ፊጌሬ» የሚል ግሥ አለ፤ ትርጉሙም ሰካ፣ ቸነከረ፣ አጣበቀ፣ እንዳይነቃነቅ አደረገ ማለት ነው። ከዚሁ ግሥ የወጣው «ፊክሱስ» ደግሞ የተቸነከረ፣ የጸና ማለት ነው። እንግዲህ በቃሉ ሥር ያለው አሳብ ጥገና አይደለም፤ ማጽናት ነው። በኛ ቋንቋ ለዚህ የሚቀርበው «ተከለ» ወይም «አጸና» የሚለው ይመስለናል።

ታዲያ ማጽናት እንዴት ብሎ መጠገን ሆነ? መንገዱ ሩቅ አይደለም። የተበላሸ ዕቃ ብዙ ጊዜ የላላ፣ የወለቀ ወይም ከቦታው የተነቃነቀ ነው። የወለቀውን እግር ወንበሩ ላይ መልሶ ያጸና ሰው ወንበሩን ጠገነ ማለት ነው። በዚህ ዓይነት ቃሉ ከ«ቸነከረ» ወደ «በቦታው አደረገ»፣ ከዚያም ወደ «አስተካከለ»፣ በመጨረሻም ወደ «ጠገነ» ተሻገረ። ይህ የጥገና ትርጉም የተስፋፋው በተለይ በአሜሪካ ነው። እንግሊዛዊው ደራሲ ቻርልስ ዲክንስ እ.ኤ.አ. በ1842 አሜሪካን ጎብኝቶ ስለ ጉዞው መጽሐፍ ሲያወጣ፣ አሜሪካኖች ይህችን ቃል ለሁሉ ነገር መጠቀማቸው በጣም እንዳስገረመው ጽፏል። ሰው ሲለብስ «ፊክስ»፣ ገበታ ሲዘረጋ «ፊክስ»፣ ሐኪም በሽተኛ ሲያድን «ፊክስ»! ዛሬ ግን የጥገናው ትርጉም በእንግሊዝም ሆነ በሌላው እንግሊዝኛ ተናጋሪ አገር ሁሉ የተለመደ ሆኗል።

ለ. ከሥሩ የወጡ ቅርንጫፎች

ሥሩን ከያዝን ቅርንጫፎቹን መለየት አያስቸግርም። ዋና ዋናዎቹን እነሆ፤

1ኛ. አጣበቀ፣ ቸነከረ። መደርደሪያ ከግድግዳ ጋር ሲመታ፣ መስተዋት ሲሰቀል፣ ቆጣሪ ሲገጠም እንግሊዝኛው «ፊክስ» ነው። ይህ አሁን የምታነቡት የግድግዳ ጋዜጣ የተለጠፈበት ሰሌዳ ራሱ ግድግዳው ላይ «ፊክስ» የተደረገ ነው። ሰሌዳው ቢሰበርና አናጢ ቢያበጀው ደግሞ ያም «ፊክስ» ነው። አንድ ሰሌዳ፣ አንድ ቃል፣ ሁለት ትርጉም!

2ኛ. ወሰነ፣ ቆረጠ። የስብሰባ ቀን፣ የቤት ኪራይ፣ የዕቃ ዋጋ «ፊክስ» ይደረጋል። በአንዳንድ ሱቅ «ፊክስድ ፕራይስ» የሚባለው ክርክር የሌለበት ቁርጥ ዋጋ ነው። እዚህ ላይ አንድ ደስ የሚል ነገር እናያለን። እንግሊዝኛው ዋጋውን ይቸነክረዋል፤ አማርኛው ዋጋውን ይቆርጠዋል። ሁለቱም የሚሉት «ከእንግዲህ አይንቀሳቀስም» ነው፤ ምሳሌው ግን የየራሳቸው ነው።

3ኛ. ዓይንን ወይም አሳብን ተከለ። «ዓይኑን ተክሎ አየኝ» የምንለውን እንግሊዝኛውም በ«ፊክስ» ይለዋል። እዚህ ላይ ሁለቱ ቋንቋዎች ቁርጥ አንድ ናቸው።

4ኛ. ጠገነ፣ ሠራ፣ አበጀ። ራዲዮ፣ ብስክሌት፣ ቧንቧ፣ ቁልፍ «ፊክስ» ይደረጋል። የታወቀው ትርጉም ስለሆነ አንዘገይበትም።

5ኛ. አዘጋጀ። ይህ በአብዛኛው የአሜሪካኖች አነጋገር ነው። ቁርስ «ፊክስ» አደረገች ቢባል ቁርስ ሠራች ማለት ነው እንጂ የተበላሸ ቁርስ አልነበረም። ፀጉርን ማስተካከልም እንዲሁ ነው።

6ኛ. ውጤትን አስቀድሞ በተንኰል ወሰነ። ጨዋታው ሳይጀመር ማን እንደሚያሸንፍ በገንዘብ ከተቈረጠ ጨዋታው «ፊክስ» ተደርጓል ይባላል። በአሜሪካ የቤዝቦል ታሪክ እ.ኤ.አ. በ1919 የተደረገው የፍጻሜ ውድድር በዚህ ይታወቃል። የቺካጎ ዋይት ሶክስ ስምንት ተጫዋቾች ለመሸነፍ ገንዘብ ተቀብላችኋል ተብለው ተከሰሱ። እ.ኤ.አ. በ1921 ፍርድ ቤት በነፃ ቢለቃቸውም ከስፖርቱ ለዕድሜ ልክ ታገዱ። ተማሪያችን እንዲህ ያለ ዜና አንብቦ «ጨዋታውን ጠገኑት» ብሎ ቢተረጉም ዜናው ተገልብጦ ምስጋና ሆነ ማለት ነው።

7ኛ. ስም ሲሆን። «ኢን ኤ ፊክስ» መሆን መውጫ በጠፋበት ችግር መያዝ ነው፤ ከተቸነከሩበት መነቃነቅ አቅቶ እንደ ማለት። መርከበኛና አውሮፕላን ነጂ ደግሞ ያሉበትን ቦታ በትክክል ለይተው ሲያውቁ «ፊክስ» አገኘን ይላሉ።

በዚህ ላይ በከተማ ወጣቶች አነጋገር «ፊክስ» ውሸት፣ «ፊክሳም» ውሸታም ማለት ሆኗል። ተማሪው ይህንን ከሰፈር ይዞ ክፍል ሊገባና ሊስቅ ስለሚችል መምህሩ አይደንግጥ፤ አይቆጣም። «ያ የሰፈራችን አማርኛ ነው፤ ይኸ ደግሞ እንግሊዝኛው ነው» ብሎ ለይቶ ማሳየት ይበቃል።

ሐ. በሳይንስ ክፍል የሚመጣው ጣጣ

ከሁሉ በላይ ልናሳስብ የምንወደው ይህንን ነው። በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶቻችን እንግሊዝኛ ራሱን የቻለ ትምህርት ብቻ ሳይሆን የሌሎቹም ትምህርቶች ማስተማሪያ ነው። እኛ በታችኛው ክፍል ያስተማርነው ፍች ተማሪውን ተከትሎ ባዮሎጂና ኬሚስትሪ ክፍል ድረስ ይገባል።

ተማሪው ባዮሎጂ መጽሐፉን ሲገልጥ በባቄላና በአተር ሥር ላይ የሚኖሩ ባክቴሪያዎች ናይትሮጅንን «ፊክስ» ያደርጋሉ የሚል ያገኛል። «ጠገነ» ብቻ ብሎ የተማረ ልጅ ምን ይላል? ናይትሮጅን ተበላሽቶ ነበርና ባክቴሪያው ጠገነው! ቀጥሎም ዕፀዋት ካርቦን ዳይኦክሳይድን «ፊክስ» ያደርጋሉ ይላል። ይኼም ጋዝ ተበላሽቷል ማለት ነው! ልጁ ሰነፍ አይደለም፤ የተሰጠውን ፍች በታማኝነት ተጠቅሟል።

ትክክለኛው ነገር እንዲህ ነው። ከምንተነፍሰው አየር ውስጥ 78 በመቶ ያህሉ ናይትሮጅን ነው። ነገር ግን ሁለቱ የናይትሮጅን አቶሞች እርስ በርስ በጥብቅ ስለተያያዙ አዝርዕት በቀጥታ ሊጠቀሙበት አይችሉም። እንደ ባቄላ፣ አተር፣ ምስርና ሽምብራ ባሉ ጥራጥሬዎች ሥር ላይ እንደ ትናንሽ እብጠት ሆነው የሚታዩ እንክብሎች አሉ። በነዚያ ውስጥ የሚኖሩት ባክቴሪያዎች በአየር ላይ የሚንሳፈፈውን ናይትሮጅን ወደ አሞኒያ ይለውጡታል፤ ተክሉም ይመገበዋል። እነዚህን ባክቴሪያዎች እ.ኤ.አ. በ1888 ለይቶ ያወጣው የሆላንዱ ሳይንቲስት ማርቲኑስ ቤየሪንክ ነው። ስለዚህ እዚህ ላይ «ፊክስ» ማለት ተንሳፋፊውን ይዞ አሰረ፣ አጸና ማለት ነው። ቁልጭ ያለው የላቲኑ ሥር ነው! ገበሬዎቻችን ባቄላ በነበረበት ማሳ ላይ በሚቀጥለው ዓመት ስንዴ ወይም ገብስ ሲዘሩ ሰብሉ እንደሚያምር ከጥንት ጀምሮ የሚያውቁት ነገር ነው። ልጁም ይህንን ከአባቱ ሰምቶት ይሆናል። የቃሉ ትክክለኛ ፍች ቢሰጠው ኖሮ የአባቱ እውቀትና የመጽሐፉ ሳይንስ ባንድ ላይ ይገጥሙለት ነበር። «ጠገነ» ብቻ በመባሉ ሁለቱም ራቁት።

ሌላም ምሳሌ አለ። በፊልም በሚነሣው ፎቶግራፍ ሥራ «ፊክሰር» የሚባል ኬሚካል አለ። ሥራው የተበላሸ ፎቶ መጠገን አይደለም። ብርሃን ያልነካውን የብር ጨው አጥቦ በማውጣት ሥዕሉ ብርሃን ላይ ሲወጣ እንዳይጠቁር ያደርጋል፤ ባለበት ያጸናዋል። ለዚህ የሚያገለግለውን ኬሚካል ጠባይ እ.ኤ.አ. በ1819 ያገኘው እንግሊዛዊው ጆን ኸርሸል ነው።

በሰዋስውም ቢሆን «ፕሪፊክስ» እና «ሰፊክስ» የሚባሉት ከዚሁ ሥር የወጡ ናቸው። የመጀመሪያው ከቃል ፊት፣ ሁለተኛው ከቃል ኋላ የሚለጠፍ ነው፤ በአማርኛ ሰዋስው ባዕድ መነሻና ባዕድ መድረሻ የምንላቸው ናቸው። በሒሳብና በንግድ ትምህርትም «ፊክስድ» የተባለ ሁሉ ቋሚ፣ የማይለዋወጥ ማለት ነው። ቋሚ ወጪ፣ ቋሚ ንብረት እንደምንለው ማለት ነው።

መ. «ፊክስ»፣ «ሜንድ» እና «ሪፔር»

ሦስቱም ጥገናን ይመለከታሉ፤ ግን እንደ ልብ አይለዋወጡም።

«ሪፔር» ከላቲን «ሬፓራሬ» የመጣ ነው፤ እንደገና አዘጋጀ ማለት ነው። «ፕሪፔር» የሚለውም የዚሁ ዘመድ ነው። «ሪፔር» ኰስተር ያለ፣ የጽሑፍና የመሥሪያ ቤት ቃል ነው። መንገድ፣ ድልድይ፣ ሞተር፣ ሕንፃ «ሪፔር» ይደረጋል። ማስታወቂያ ላይ «አንደር ሪፔር» ተብሎ ይጻፋል እንጂ በ«ፊክስ» አይጻፍም።

«ሜንድ» ደግሞ «አሜንድ» ከሚለው ያጠረ ሲሆን፣ የመጨረሻ ሥሩ ከስሕተት ማውጣት ማለት ነው። ሕግ ሲሻሻል «አሜንድመንት» የሚባለው ከዚሁ ነው። «ሜንድ» የሚስማማው በተለይ ለተቀደደና ለተበጠሰ ነገር ነው፤ ለልብስ፣ ለካልሲ፣ ለጫማ፣ ለዓሣ መረብ፣ ለአጥር። እንግሊዞች ለሰዓትና ለብስክሌትም ይጠቀሙበታል። ከዚህም ሌላ «ሜንድ» ያለ ሠሪ ሊነገር ይችላል። የተሰበረ አጥንት ራሱ ሲገጥም «ሜንድ» አደረገ ይባላል፤ እኛ ቁስሉ ጠገገ፣ አጥንቱ ገጠመ እንደምንለው ነው። ከሕመም እያገገመ ያለ ሰውም «ኦን ዘ ሜንድ» ነው። ጠባዩን ያረመ ሰውና የተቃቃሩ ወዳጆች የታረቁበት ሁኔታም በ«ሜንድ» ይነገራል።

«ፊክስ» የአነጋገር ቃል ነው። ለማሽንና ለዕቃ ይመቻል፤ ካልሲን በመርፌ ለመስፋት ግን «ሜንድ» ይሻላል። የተጣፈ ልብስ ከሆነ ደግሞ «ፓች» የሚል ራሱን የቻለ ቃል አለው። ታሪካዊ ነገር ወደ ቀድሞ ክብሩ ሲመለስ ግን ከሦስቱ አንዱም አይበቃም፤ «ሪስቶር» ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1937 ወደ ሮም ተወስዶ፣ በ2005 በሦስት ክፍል ሆኖ የተመለሰውና በ2008 እንደገና የቆመው የአክሱም ሐውልት «ፊክስ» ተደረገ ቢባል ለጆሮ ይቀፋል።

ለመሆኑ አማርኛችንስ በዚህ በኩል ድኻ ነው ወይ? በጭራሽ! ቀሚስ እንጥፋለን፣ ካልሲ እንጠቅማለን፣ ወፍጮ እንወቅራለን፣ ማረሻ እናሾላለን፣ የጎበጠ እናቃናለን፣ ቤት እናድሳለን፣ ጣራ እንከድናለን፣ ጠብ እናበርዳለን። አሮጌ ልብስ ተደራርቦ ሲጣፍማ «ድሪቶ» የሚል ስም እስከማግኘት ደርሷል። «ጠገነ» ከነዚህ ሁሉ አንዱ ብቻ ነው። እንግዲህ «ፊክስ»ን በ«ጠገነ» ብቻ መተርጐም እንግሊዝኛውን ከማጥበቡም በላይ አማርኛችንንም ማጥበብ ነው።

ሠ. «ሰዓቴን አሠራሁ» በእንግሊዝኛ እንዴት ይባላል?

እዚህ ላይ ብዙ ተማሪዎች የሚወድቁበት ጉድጓድ አለ። አማርኛ አንድን ሥራ ራሳችን መሥራታችንንና ሌላ ሰው እንዲሠራልን ማድረጋችንን በግሡ መነሻ ለይቶ ያሳያል። «ሠራሁ» እና «አሠራሁ»፣ «ጠገንኩ» እና «አስጠገንኩ» ብለን አንዲት ፊደል ወይም ሁለት ፊደል ጨምረን እንገላገላለን። እንግሊዝኛ ይህ መነሻ የለውም። በመሆኑም ተማሪው ሰዓት ሠሪ ዘንድ ሄዶ ሲያበቃ «አይ ፊክስድ ማይ ዋች» ይላል። ሰሚው ግን ልጁ ራሱ መፍቻ ይዞ ሰዓቱን ፈትቶ የሠራ ይመስለዋል።

ትክክለኛው «አይ ሃድ ማይ ዋች ፊክስድ» ነው። ደንቡም ይኸ ነው፤ መጀመሪያ «ሃቭ» ወይም «ጌት»፣ ቀጥሎ ዕቃው፣ ከዚያ በኋላ የግሡ ሦስተኛ ቅርጽ። ጫማ ማሰፋት፣ ጎሚስታ ዘንድ ጎማ ማሠራት፣ ፀጉር መቈረጥ ሁሉም በዚሁ ደንብ ይሄዳሉ። ደንቡን በቃል ከማስጠናት ይልቅ ከ«ሠራሁ» እና ከ«አሠራሁ» ልዩነት ብንነሣ ልጁ የሚያውቀውን ይዞ ወደማያውቀው ይሻገራል።

ረ. አነባበብ

ሦስቱ የጥገና ግሦች ለኃላፊ ጊዜ አነባበብ እንደ ስጦታ የተሰጡን ናቸው። ሦስቱም ሲጻፉ በ«ኢ» እና በ«ዲ» ያልቃሉ፤ ሲነበቡ ግን ሦስቱም ይለያያሉ።

የ«ፊክስ» ኃላፊ «ፊክስት» ተብሎ ይነበባል፤ መጨረሻው «ት» ነው። ምክንያቱም «ስ» ነዛሪ ያልሆነ ድምፅ ስለሆነ ተከታዩን ወደራሱ ይስበዋል። በአማርኛችን «ፊክስድ» ብለን የለመድነው ለዚህ ነው ለእንግሊዝ ጆሮ እንግዳ የሚሆነው።

የ«ሪፔር» ኃላፊ «ሪፔርድ» ነው፤ መጨረሻው «ድ» ነው፤ ከፊቱ ያለው ድምፅ ነዛሪ ነውና።

የ«ሜንድ» ኃላፊ «ሜንዲድ» ነው፤ ግሡ ራሱ በ«ድ» ስለሚያልቅ አንድ ቀለም ይጨመራል። በ«ት» የሚያልቁ ግሦችም እንደዚሁ ናቸው።

ጣትን ጉሮሮ ላይ አድርጎ «ስ» እና «ዝ» ማለት የነዛሪንና የኢነዛሪን ልዩነት ወዲያው ያሳያል። ምንም መሣሪያ አያስፈልግም፤ ሰማንያ ልጅ ባለበት ክፍልም ይቻላል።

ሰ. እንዴት እናስተምራት?

አንዳንድ ጓደኞቻችን «ይህን ሁሉ ትርጉም ለሕፃን ልጅ መደርደር ማደናገር ነው፤ አንድ ፍች ይበቃዋል» ይላሉ። በከፊል እውነት አላቸው። ሰባቱን ትርጉም ባንድ ቀን ማውረድ ዕውቀት ሳይሆን ሸክም ነው። ነገር ግን አንድ ፍች መስጠትና «ፍቹ ይኸው ብቻ ነው» ብሎ በሩን መዝጋት ለየቅል ናቸው። እኛ የምንቃወመው በሩ መዘጋቱን ነው። ስለዚህ የሚከተለውን አሳብ እናቀርባለን፤

አንደኛ፣ ቃሉን ከነዓረፍተ ነገሩ እንጂ ብቻውን ከእኩል ምልክት ጋር ሰሌዳ ላይ አንጻፈው። ተማሪው ደብተሩ ላይ የሚቀረው የጻፍነው ነውና።

ሁለተኛ፣ በእጅ በሚታይ ሥራ እንጀምር። ምስማርና መዶሻ፣ ወይም አንድ ወረቀትና ሙጫ ይበቃል። ወረቀቱን ግድግዳ ላይ እየለጠፉ «ፊክስ» ማለት ሥሩን ሳያስተረጕሙ ማስተማር ነው። የጥገናው ትርጉም በሚቀጥለው ቀን በተሰበረ ወንበር ይምጣ፤ የቀን ቀጠሮው ደግሞ ሌላ ጊዜ።

ሦስተኛ፣ ልጆቹ አፋቸውን በፈቱበት ቋንቋ ለልብስ፣ ለቤት፣ ለማረሻና ለጠብ የሚሉትን የጥገና ቃላት ይዘርዝሩ። አማርኛም ይሁን ኦሮምኛ ወይም ሌላ፣ አንድ አሳብ በብዙ ቃል፣ አንድ ቃልም በብዙ አሳብ እንደሚሄድ ከራሳቸው ቋንቋ ያያሉ።

አራተኛ፣ የእንግሊዝኛ መምህር ከሳይንስ መምህር ጋር ይነጋገር። የናይትሮጅኑ ትምህርት ከመድረሱ በፊት አሥር ደቂቃ ለ«ፊክስ» ብትሰጥ የሳይንሱ መምህር አንድ ክፍለ ጊዜ ያተርፋል።

አምስተኛ፣ መዝገበ ቃላት ስንገልጥ በመጀመሪያው ቁጥር ላይ አናቁም። ከቁጥር አንድ በታች ያሉት የተጻፉት ለጌጥ አይደለም።

መልመጃ

ለሚከተሉት ዓረፍተ ነገሮች «ፊክስ»፣ «ሜንድ» ወይም «ሪፔር» ከሚሉት የሚስማማውን ምረጡ። መልሱን ከማየታችሁ በፊት ከጎናችሁ ካለው ሠልጣኝ ጋር ተከራከሩ።

1. እናቲቱ የተቀደደውን ካልሲ በመርፌ ሰፋች።
2. መስተዋቱን ግድግዳው ላይ ቸነከረው።
3. «ድልድዩ በጥገና ላይ ስለሆነ ማለፍ ክልክል ነው።»
4. የፈተናውን ቀን ቆረጡ።
5. ተሰብሮ የነበረው ክንዷ ገጠመ።
6. ልጁ ብስክሌቱን ራሱ አበጀ።
7. ራዲዮኔን አሠራሁ።
8. የባቄላ ሥር ላይ ያሉት ባክቴሪያዎች ናይትሮጅንን ያዙ።

መልስ

1. «ሜንድ»። 2. «ፊክስ»። 3. «ሪፔር»፤ ማስታወቂያ ነውና። 4. «ፊክስ»። 5. «ሜንድ»፤ ሠሪ የለውም። 6. በንግግር «ፊክስ»፣ በጽሑፍ «ሪፔር»፤ እንግሊዞች «ሜንድ»ም ይላሉ፤ ሦስቱንም ያለ ልክ ነው። 7. «ፊክስ» ወይም «ሪፔር»፤ ግን «ሃድ»ን የረሳ አንድ ነጥብ ይቀነስበት። 8. «ፊክስ» ብቻ፤ ሌላ ቃል አይገባም።

ስድስተኛውን ጥያቄ ልብ በሉልን። ሦስት ትክክለኛ መልስ ያለው ጥያቄ ፈተና ላይ «ምረጡ» ተብሎ ቢቀርብ በትክክል ያሰበ ተማሪ ዜሮ ሊያገኝ ይችላል። ነገ ፈተና የምናወጣው እኛው ስለሆንን ጥያቄ ከማውጣታችን በፊት ቃሉን ከነቅርንጫፉ እንመርምረው። መምህሮቻችንና ሠልጣኝ ጓደኞቻችን የምትጨምሩት ሌላ የ«ፊክስ» አገልግሎት ካለ በወረቀት ጽፋችሁ ከዚህ ሰሌዳ ጎን ለጥፉልን፤ ያም አለጣጠፍ ራሱ «ፊክስ» ነው።